መሬቱን በሚያዝያ እዩልን

ጅማ፣ የካቲት

በከተማችን መሬት ለሚለኩ፣ ለሚሰጡ፣ ለሚቆፍሩና አረንጓዴ ለሚያለብሱ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ
ግልባጭ፦ በግቢው፣ በቡናው ሥር ወይም በወንዝ ዳር ቀዩ አበባ ለሚወጣለት የጅማ ነዋሪ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጥያቄዬ አጭር ስለሆነ ከፊት አስቀድመዋለሁ። በጅማና በዙሪያዋ ለግንባታ፣ ለመናፈሻ ወይም ለችግኝ ተከላ ሊውል የታሰበ የደን ዳርቻና የዛፍ ጥላ ያለው መሬት ሁሉ፣ ዶማም ሆነ ዶዘር ከመንካቱ በፊት፣ በሚያዝያ ወር አንድ ቀን በእግር ይታይልን። እስካሁን እንደማየው ቦታ የሚጎበኘው በበጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ መኪናውም እንደ ልብ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር። ቅጹ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ ይሞላል፣ ማኅተም ይመታል፣ ሥራውም ዝናቡ ሳይገባ ይጀመራል። ለመኪናው የተመቸ ወር ነው። ከአፈሩ ሥር ለተኛው ነገር ግን ከዚህ የከፋ ወር ቢፈለግ አይገኝም።

የምጽፈው ስለ አንድ የዱር አበባ ነው። መተዳደሪያዬ ችግኝ ማፍላትና መሸጥ ስለሆነ ከአበባ ጋር የምውለው ለፍቅር ብቻ አይደለም። ስለዚህ «አበባ ወዳድ ሰው ነው፣ ይጻፍ» ተብሎ ደብዳቤዬ ወደ ጎን እንዳይደረግብኝ አደራ እላለሁ።

አበባውን ብታዩት ታውቁታላችሁ። የበልጉ ዝናብ መሬቱን በደንብ ባራሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ወፍራም አገዳ ብቻውን፣ ብዙ ጊዜም ቅጠል ሳይቀድመው፣ ከአፈር ብቅ ይላል። ጫፉ ላይ ዲያሜትሩ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ድፍን ክብ፣ ደማቅ ቀይ አበባ ይከፈታል። የሳይንስ ስሙ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ነው። ብዙ ሰው «የጅብ ሽንኩርት» ብሎ ያልፈዋል፤ ይኸው ስም ኮረት (ከመሬት በታች ያለ ሽንኩርት መሳይ ራስ) ላላቸው ሌሎች የዱር ተክሎችም ስለሚሰጥ እዚህ «ቀዩ አበባ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቆጠር ቢሆንም ዝምድናው ወጥ ቤት ድረስ አይዘልቅም፤ ኮረቱ መርዛማ ነው። በዚህ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሩቅ ያየው ሰው አንድ አበባ ይመስለዋል። ተቀምጣችሁ ከቅርብ ብታዩት ግን ኳሱ እስከ 200 የሚደርሱ ትንንሽ አበቦች የተሰበሰቡበት ነው። እያንዳንዷ አበባ ስድስት ቀጫጭን ቀይ የአበባ ቅጠሎች አሏት፤ ከእነዚህ መካከል ስድስት ረጃጅም ቀይ ክሮች ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ በየክሩ ጫፍ ደግሞ ቢጫ ብናኝ የተሸከመች ትንሽ ጉብታ አለች። እጃችሁን በቀስታ ብታሳርፉበት መዳፋችሁ ቢጫ ይሆናል። ቢራቢሮ ሲያርፍበትም እንዲሁ ብናኙን ተቀብቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። አረንጓዴዎቹ ቅጠሎች የሚነሡበትን እግር ዝቅ ብላችሁ ብትመለከቱ በቡናማና በሐምራዊ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ታገኙታላችሁ። አበባ ባይኖረውም ተክሉን የምለይበት አንዱ ምልክት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ድምቀት አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ኳሱ ሲጠወልግ ቅጠሎቹ ይሰፋሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ብርሃን እየሰበሰቡ ምግብ ይሠሩና ከመሬት በታች ላለው ኮረት ያቀብላሉ። ፍሬዎቹ መጀመሪያ አረንጓዴ ናቸው፣ ቆይተው ይቀላሉ። ዝናቡ ሲያባራ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው የበልግ ዝናብ ድረስ ከመሬት በላይ የሚታይ አንዳች ነገር የለም። ኮረቱ ግን ከነሥሩ በሕይወት አለ፤ ዝናብ ይጠብቃል። በጥር መጥቶ «ምንም የለም» ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ዋሽቷል አልልም። ዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው። ስሕተቱ ያለው ወሩ ላይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። አብዛኞቻችን ጸደይ ሲባል መስከረምና አደይ አበባ ትዝ ይሉናል፤ ቀዩ አበባ ግን ይህንን የቀን መቁጠሪያ ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል።

አሁን ወደ መኖሪያው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። ቀዩ አበባ የትም አይበቅልም። ውኃ የሚቋጥር መሬት አይስማማውም፤ ቦዬ ረግረግ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ውኃ የማይተኛበት፣ ቅጠል ረግፎ የበሰበሰበት ለስላሳ አፈርና ከፊል ጥላ ይፈልጋል። ወንዝ ዳር ካለው ደን ሥር፣ በቋጥኝ መካከል፣ አንዳንዴም በኩይሳ ላይና ዙሪያውን ይወጣል፤ የኩይሳ አፈር ውኃ አይቋጥርም፣ ለምነቱም ደህና ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናቧም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እምብዛም የማይቋረጥ ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለው ቦታ ሞልቷት ነበር። በአዌቱ ወንዝ ዳር፣ በጅሬን ተዳፋት፣ በፈረንጅ አራዳ ትልልቅ ዛፎች ባሉባቸው የድሮ ግቢዎች፣ በመቃብር ቦታዎች ጥግ አሁንም አለፍ አለፍ ብሎ ይታያል። መቃብር ቦታዎችን ለይቼ የጠቀስኩት በምክንያት ነው፤ ማንም እንደ ልቡ የማይቆፍርበት መሬት እየቀነሰ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየልን ግን ቡናው ነው። ይህን ማንም ቢሮ በሪፖርቱ ውስጥ ሲጽፈው አይቼ አላውቅም። የጅማ ገበሬ ቡናውን በሰሳ፣ በዋንዛ፣ በብሳናና በብርብራ ጥላ ሥር ሲያለማ፣ ሳያስበው የቀዩን አበባ ቤትም ጠብቆለታል። ጥላው ያው ነው፣ የረገፈው ቅጠል ያው ነው፣ አፈሩ አይታረስም። ገበሬው ከለቀማው በፊት የቡናውን ሥር በገጀራ ሲመነጥር ቅጠሉን ሊቆርጠው ይችላል፤ ኮረቱን ግን አይነካውም። በዚያ ላይ ምንጠራው ክረምቱ ሲጋመስ ወይም ሲያበቃ ከሆነ ቅጠሉ የዓመቱን ሥራ አብዛኛውን ጨርሷል። ቡናውም ቀዩ አበባም የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ዝናብ ነው። ጥሩ ዝናብ በጣለ ዓመት ቡናው ከላይ ነጭ ለብሶ፣ ሽታው አካባቢውን አውዶት፣ ከሥሩ ቀዩ አበባ ወጥቶ ያየ ሰው የምጽፈው ለምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

ወደ ማና በሚወስደው መንገድ ቡና ካላቸው አንድ አዛውንት ጋር ስናወራ፣ «ሐጂ፣ ይህን ተክል ለምን አላስነቀሉትም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ትክ ብለው አዩኝ። «ከብት አይበላው፣ ቡናዬን አይሻማብኝ፣ ምን አድርጎኝ ነው የማስነቅለው? ይልቅ ዝናቡ የምሩን መሆኑን የሚነግረኝ እሱ ነው። አንድ ካፊያ ጥሎ ቢጠፋ እኔ እታለላለሁ፤ እሱ አይታለልም» አሉኝ።

የሐጂ ዓይነት ገበሬ ባለበት ቀዩ አበባ አለ። የሚጠፋው ጥላው ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ሲተካ፣ የቡናው ሥር በጥልቀት ሲቆፈር፣ ወይም ገጀራው ቀርቶ አረም ማጥፊያ መድኃኒት ሲረጭ ነው። የመድኃኒቱ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ገጀራ ቅጠል ብቻ ይቆርጣል፤ በቅጠል ገብቶ እስከ ሥር የሚወርድ መድኃኒት ግን ኮረቱን ራሱን ይደርስበታል። ይህ ግን ለግብርና ሰዎች የሚጻፍ ሌላ ደብዳቤ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁመው።

ወደ ከተማው ልመለስ። ባለፉት ዓመታት ከተማችን ተቆፍራለች፣ ተነጥፋለች፣ ተተክሎባታል። መንገድ ዳር ማማሩን አልቃወምም፤ እንዲያውም ገበያዬ ነው። የሚያሳዝነኝ ቀዩ አበባ በአንድ በኩል «ባዶ መሬት» ተብሎ ከገረጋንቲ በታች እየተቀበረ፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ውብ አበባ» ተብሎ ከጫካ እየተነቀለ ለመንገድ ዳር መሸጡ ነው። ሁለቱንም የሚያዘው ብዙ ጊዜ አንድ በጀት ነው።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ አንድ ወጣት ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ችግኝ ጣቢያዬ መጣ።

«ጋሼ፣ አንዱን በስንት ይይዙልኛል?» አለኝና ከረጢቱን መሬት ላይ ገለበጠው።

ኮረቶቹ ግማሾቹ በዶማ ተሰንጥቀዋል፤ ከቁስላቸው የወጣው ፈሳሽ አፈር ይዞ ደርቋል። አበቦቹ እርስ በርስ ተደፍጥጠው ብናኛቸው ከረጢቱን ቢጫ ቀብቶታል። ከሁሉ የከፋው ሥሮቹ ነበሩ። ቀዩ አበባ ከኮረቱ ሥር ወፋፍራም፣ ነጫጭ፣ ውኃ የቋጠሩ ሥሮች አሉት፤ እነዚህ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚበቅሉ አይደሉም። እዚያ ያየኋቸው ሁሉ ከመነሻቸው ተቆርጠው ቀርተዋል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከጫካ ነዋ፣ ጋሼ። ሞልቷል።»

«እኔ ካልገዛሁህስ?»

«ለመንገድ ዳር የሚተክሉት ይወስዱታል። ሲያብብ ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

ልጁን አልወቅሰውም፤ የዕለት እንጀራውን ነው የፈለገው። አለመግዛቴን ነገርኩት፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን፣ እርሱም ከረጢቱን ይዞ ሄደ። የምወቅሰው «ሲያብብ ብቻ» ብሎ የሚገዛውን ነው። አንድን ኮረታማ ተክል ለማዛወር ከወራቱ ሁሉ መጥፎው ያበበበት ወር ነው፤ ያጠራቀመውን ጉልበት አሟጦ አበባው ላይ ያፈሰሰበት፣ ገና አንድ ቅጠል ሠርቶ ያልተካበት ጊዜ ነውና። የግድ መዛወር ካለበት ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከዙሪያው አፈር ጋር፣ ሥሩ ሳይቆረጥ ነው የሚነሣው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም አይቻለሁ። ስሙን ልጠራው በማልፈልገው አንድ ተቋም አጥር ሥር ቀዩ አበባ በረድፍ ተተክሎ ነበር። ለምረቃ ደርሶ አምሯል፣ ፎቶም ተነሥቶበታል። ከሥሩ ግን የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው፤ ከላዩ የተነሰነሰው አፈር ስንዝር አይሞላም፤ ጥላ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ቅጠሎቹ በፀሐይ ተለብልበው ክረምቱን እንደምንም ዘለቁ። በጋ ሲገባ ሊተኙ ሲሉ ደግሞ ቦቴ መኪና እየመጣ ያጠጣቸው ጀመር። ለጽጌረዳው ተብሎ የሚረጨው ውኃ ለእነርሱም ደረሰ። የተኛ ኮረት ውኃ አይፈልግም፤ ቅጠል ስለሌለው የሚጠቀምበት መንገድ የለውም፣ ይበሰብሳል። አትክልተኛው ቅን ሰው ነው፣ «አባባ፣ እነዚህን በበጋ አያጠጧቸው» ብላቸው «ልጄ፣ የታዘዝኩትን ነው» አሉኝ። በተከታዩ ሚያዝያ ከዚያ ረድፍ የወጣው አገዳ ለመቁጠር የሚያታክት አልነበረም። ከዚያም «ይህ አበባ በከተማ አይሆንም» ተብሎ ተደመደመና በቦታው ከውጭ የመጣ ጌጠኛ ቁጥቋጦ ተተከለ።

ይሆናል። ከዘር ማሳደግ ነው። ፍሬው በደንብ ሲቀላ ይለቀማል፤ ሥጋው በእጅ ታሽቶ ይወጣል፤ እጅን መታጠብ አይረሳም። ዘሩ እንደ ጤፍ ወይም እንደ በቆሎ ደርቆ በጎተራ የሚቀመጥ አይደለም፤ እርጥብ ስለሆነ ወዲያውኑ መዘራት አለበት። ቅጠል ብስባሽ በበዛበት አፈር ላይ በጥላ ሥር እንደ ነገሩ ተጭኖ ይቀመጣል እንጂ በጥልቀት አይቀበርም። መጀመሪያ የሚሠራው ሥሩንና ትንሿን ኮረቱን ስለሆነ፣ ቅጠል ሲጠብቅ ተስፋ ቆርጦ መደቡን የሚገለብጥ ሠራተኛ ያጋጥማል፤ እንዲታገሥ መንገር ነው። አበባ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ይህ ለአንድ የበጀት ዓመት ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ቡናም ተክለን ምርቱን ለማየት ሦስት አራት ዓመት የምንጠብቅ የጅማ ሰዎች ነን፤ አዲስ ነገር አልጠየቅኳችሁም።

ስለ መርዙ ቃል በገባሁት መሠረት ልናገር። ኮረቱም ቅጠሉም ሊኮሪንን የመሰሉ፣ አልካሎይድ የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ቢበላ ያስመልሳል፣ ሆድ ያውካል፣ መጠኑ ከበዛም የከፋ ነገር ያመጣል። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለቀስት መርዝና ዓሣ ለማስከር ይጠቀሙበት እንደነበረ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሕፃናት የሚውሉበት መዋለ ሕፃናት ደጃፍ ላይ ይተከል አልልም። እንዲሁም ለዚህና ለዚያ በሽታ ፈውስ ነው እያለ ኮረቱን ፈጭቶ ለሚሸጥ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ከዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት መገኘቱ እውነት ነው፤ ለአልዛይመር ሕመም የሚታዘዘው ጋላንታሚን መጀመሪያ የተገኘው ጋላንተስ ከሚባል የዚሁ ቤተሰብ አበባ ነው። ያ ግን በላቦራቶሪ ተለይቶ፣ ተለክቶ፣ ተፈትኖ የወጣ ነው።

ጋላንተስን ካነሣሁ ታሪኩን ልጨርሰው፤ ለእኛ ትምህርት አለው። በአውሮፓና በቱርክ በረዶው ሳይቀልጥ ብቅ የሚል ነጭ አበባ ነው። ኮረቱ ከዱር እየተቆፈረ በሚሊዮኖች ለውጭ ገበያ ሲጫን ኖሮ፣ የዱር ተክሎችንና እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1990 ከሚቆጣጠራቸው ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ቱርክም የሚቆፈረውን መጠን በየዓመቱ መወሰን፣ የመንደር ሰዎችም ኮረቱን በማሳቸው እንዲያባዙት ማገዝ ጀመረች። እኛም የዚህ ስምምነት አባል ከሆንን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነው። ቀዩ አበባ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ይግባም አልልም። በአገር ውስጥ ግን የዘር ሀብታችንን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የግንባታ ሥራዎች በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አስቀድሞ ይገምገም የሚለውም አዋጅ ቁጥር 299 የ1995 ዓ.ም. ነው። የሚያዝያ ጉብኝት የምጠይቀው አዲስ ሕግ ይውጣ ብዬ አይደለም። ግምገማው የሚደረግበት ወር ይስተካከል ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ሰምቻቸዋለሁ። አንደኛው «ሰው ቤት አጥቶ አንተ ስለ አበባ ታወራለህ» የሚለው ነው። ቤት አይሠራ አላልኩም። በአንድ ሄክታር ቦታ ላይ ቀዩ አበባ የሚወጣው ተሰባስቦ በጥቂት ጥግ ነው፤ ዛፉ ሥር፣ ኩይሳው ዙሪያ፣ ገደሉ አፋፍ። የት እንደሆነ በሚያዝያ ከታወቀ፣ ንድፉ ላይ ያ ጥግ ለአረንጓዴ ቦታ ይተዋል፤ ለነገሩ ማንኛውም ንድፍ አረንጓዴ ቦታ አለው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚቀመጠው ሕንፃው ያልፈለገው ማዕዘን ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ተክሉ ሞልቷል» የሚለው ነው። በአፍሪካ ደረጃ ከሆነ እውነት ነው። ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንም አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ነጋዴዎች በማሰሮ አሳድገው ይሸጡታል። ይህ ተክል ከዓለም ሊጠፋ ነው ብዬ ብጽፍላችሁ እዋሻለሁ። ከአዌቱ ዳር ጠፍቶ ከሴኔጋል መኖሩ ግን ለሄርማታና ለጊንጆ ሰፈር ልጆች ምን ይጠቅማቸዋል?

ደግሞ አንድ የሥጋ ዘመድ አለው፣ እርሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ስካዶክሰስ ኑታንስ ይባላል። አበባው ወደ ላይ አይከፈትም፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት ያያል። በዓለም ላይ ከእኛው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች በቀር መኖሪያ የለውም። እንደ በለጠና ጌራ ያሉ ደኖች የእንዲህ ዓይነቱ ተክል አገር ናቸው። ሴኔጋል ሄዶ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም፤ እዚህ ከጠፋ ጠፋ። ጫካ ገብቶ የሚቆፍር ሰው ደግሞ አበባ ሳይኖራቸው ቅጠል ብቻ አይቶ አንዱን ከሌላው አይለይም። ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ ምን አብሮ እንደሚገባ ማን ያውቃል?

ስለ ችግኝ ተከላም አንድ ነገር ልበል። ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ በዘመቻ የሚደረገው ተከላ ጉድጓዱ የሚቆፈረው በግንቦትና በሰኔ ነው። ያን ጊዜ ቀዩ አበባ ቅጠሉን ዘርግቶ በሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህ በተቃራኒው ከታየ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ነጠብጣብ ያለውን እግር ካየ አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ይቆፍር። ለወጣቶቹ ይህን ለማሳየት ከሥራ በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ያፈላሁትን ችግኝ በተመሳሳይ ዘመቻ እሸጣለሁና ተከላውን ጠልቼ የምናገር አይምሰላችሁ።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። ቦታ ከመሰጠቱ በፊት የሚሞላው ቅጽ ላይ «በሚያዝያ ታይቷል» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ጊዜ ያላቸው አሉ፤ ከተማችን ከ1940ዎቹ ጀምሮ የግብርና ትምህርት የሚሰጥባት ናት፣ ተክል የሚያጠኑ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሥራ ቢሰጣቸው ደስ ይላቸዋል። ለከተማ ውበት አበባ ሲገዛ ሻጩ ከዘር ያፈላው መሆኑን ይጠየቅ፤ ከዱር የተነቀለ ኮረት በማንኛውም ጨረታ ተቀባይነት አይኑረው። ይህ እኔንም የሚመለከት ስለሆነ ችግኝ ጣቢያዬ መጥታችሁ መደቤን ማየት ትችላላችሁ። በነባር ግቢዎችና በወንዝ ዳር ያለው ሣር ደግሞ ቀዩ አበባ ባለበት ጥግ እስከ መስከረም አይታጨድ፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ በየክረምቱ የሚቆረጥ ኮረት እያነሰ ሄዶ አበባ ማውጣት ያቆማል። በበጋ ቦቴው እዚያ ጥግ ሲደርስ ውኃውን ይቁረጥ። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም፤ የመጨረሻው እንዲያውም ነዳጅ ያተርፋል።

ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ከገባ ከፋሲካ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ከእናንተ ማንም ቢመጣ ሥራዬን ትቼ አብሬው እዞራለሁ። አዌቱ ዳር በጠዋት እንጀምራለን፣ ከሰዓት ጅሬን እንወጣለን፤ ከዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ስለሚያንሸራትት የቢሮ ጫማ አይሆንም። በዚህ ዓመት ለመሰጠት የተዘጋጁትን ቦታዎች ዝርዝር ይዛችሁ ብትመጡ እዚያው ቆመን ምልክት እናደርግባቸዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጅማ ችግኝ አፍይ